ገበያው የሚጀምረው ከማሳው ነው
(ዘመናዊ የግብይት ስልት ለአነስተኛ ቡና አምራቾችና ለማኅበሮቻቸው፤ የዩኒየኑን የምሥረታ በዓል ምክንያት በማድረግ የቀረበ ንግግር)





የአንድ ዩኒየን የምሥረታ በዓል ሲከበር ሁለት ነገሮች አብረው ይታሰባሉ። አንደኛው የታለፈው ድካም ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ ገና የሚቀረው መንገድ ነው። ስለ ድካሙ በዓሉ ራሱ ይመሰክራል። ይህ ንግግር የሚያተኩረው በቀሪው መንገድ ላይ፣ በተለይም የአነስተኛ አምራቾች ትልቁ ፈተና በሆነው በግብይት ጉዳይ ላይ ነው።

ግብይት ሲባል ለብዙ ሰው ወዲያው የሚታየው ሚዛንና ገንዘብ ነው። ቡናው ይለቀማል፣ ይመዘናል፣ ይከፈላል፤ ነገሩ በዚያው ያልቃል። የገበያ ስልት፣ የንግድ ምልክትና የደንበኛ አያያዝ የሚባሉት ነገሮች የትልልቅ ኩባንያዎች ጉዳይ ተደርገው ይወሰዳሉ። ይሁን እንጂ ዘመናዊ ግብይት ማለት የተመረተውን ለመሸጥ መሯሯጥ ብቻ አይደለም። ገዢው የሚፈልገውን አስቀድሞ ማወቅ፣ ያንኑ ሳያዛንፉ ማቅረብና ይህንን ከዓመት ዓመት ደጋግሞ በማድረግ መታመን ነው። ግማሽ ሄክታር ማሳ ያለው አርሶ አደር በብዛትም ሆነ በርካሽነት ከብራዚል ሰፋፊ እርሻዎች ጋር ሊወዳደር አይችልም። ሊወዳደር የሚችለው በጥራትና በስም ነው። ጥራትና ስም ደግሞ አንድ ሰው ብቻውን የሚሠራቸው አይደሉም፤ የብዙ ቤተሰብ የጋራ ንብረት ናቸው። የዚህ ንግግር ዋና መልእክትም ይኸው ነው።

ዋጋው የሚወጣው ሩቅ ነው

እንደሚታወቀው የአረቢካ ቡና የዓለም ዋጋ መነሻ በኒውዮርክ የሸቀጦች ገበያ የሚወጣው ዋጋ ነው። ያ ዋጋ ከፍ ዝቅ የሚለው በአመዛኙ ብራዚልን በሚመታው ውርጭና ድርቅ፣ በየመጋዘኑ ባለው ክምችትና በነጋዴዎች ግምት ምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 መጨረሻ የአንድ ፓውንድ፣ ማለትም የ454 ግራም ያህል ጥሬ ቡና ዋጋ ከ50 የአሜሪካ ሳንቲም በታች ወርዶ ነበር። በዚያን ጊዜ ቡናውን ነቅሎ ጫት የተከለ የሐረርጌ አርሶ አደር ጥቂት አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ ደግሞ ዋጋው ከ4 ዶላር በላይ ወጣ። በሁለቱም ጊዜ አርሶ አደሩ የሠራው ሥራ አንድ ነበር፤ ማሳውን አረመ፣ ለቀመ፣ ተሸከመ። ዋጋውን ግን አልወሰነም።

የአገሪቱ የቡና ዩኒየኖች የተወለዱት በዚያው በክፉው ዘመን አካባቢ ነው። የኦሮሚያ ቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ዩኒየን በ1991 ዓ.ም. በ34 መሠረታዊ ማኅበራት ተቋቋመ። የሲዳማው በ1993 ዓ.ም.፣ የይርጋጨፌው በ1994 ዓ.ም. ተከተሉ። ዓላማቸው በአርሶ አደሩና በውጭ ገዢው መካከል የነበረውን የሰብሳቢ፣ የአቅራቢና የላኪ ረጅም ሰንሰለት ማሳጠርና ትርፉን ወደ አባሉ ቤት መመለስ ነበር። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2000 ዓ.ም. ሥራ ጀምሮ በ2001 ዓ.ም. ቡናን ማገበያየት ሲጀምርም፣ አብዛኛው ቡና በምርት ገበያው በኩል እንዲያልፍ ሲደረግ ዩኒየኖች በቀጥታ ወደ ውጭ የመላክ ዕድላቸው ተጠብቆላቸዋል።

ይህ ዕድል ቀላል አልነበረም። በምርት ገበያው ቡናው በአካባቢና በደረጃ ተመድቦ ስለሚሸጥ ገዢው ቡናው ከየትኛው ማጠቢያ ጣቢያ እንደመጣ የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም። ከዩኒየን የገዛ ግን የቀበሌውን ስም ሳይቀር ጠይቆ ያውቅ ነበር። ዛሬ ሁኔታው ተለውጧል። በኋላ የወጡት የቡና ግብይት ሕጎችና መመሪያዎች አቅራቢና ላኪ በቀጥታ እንዲተሳሰሩ በር ስለከፈቱ፣ የግል ላኪውም የቡናውን መነሻ እየነገረ መሸጥ ችሏል። ያውም ጥሬ ገንዘብ ይዞ ከአርሶ አደሩ ደጃፍ ይደርሳል። ስለሆነም ዩኒየኖች ለብቻቸው ይዘውት የነበረው ብልጫ አሁን የጋራ ሆኗል። በድሮ ብልጫ መኖር አይቻልም፤ አዲስ ብልጫ መፍጠር ያስፈልጋል።

የመጀመሪያው ማስታወቂያ ፍሬው ነው

በግብይት ትምህርት ምርት፣ ዋጋ፣ ስርጭትና ማስተዋወቅ አራቱ ዋና ዋና ጉዳዮች ተብለው ይዘረዘራሉ። ለቡና አምራች ግን ምርት የሁሉም ሥር ነው። ፍሬው ከተበላሸ ቀሪዎቹ ሦስቱ ሊያድኑት አይችሉም።

አንድ ኪሎ ለውጭ ገበያ የሚሆን የታጠበ ቡና ለማግኘት ወደ 6 ኪሎ የሚጠጋ እሸት ቡና ያስፈልጋል። አንድ ኮንቴይነር እያንዳንዱ 60 ኪሎ የሚመዝን 320 ኬሻ ያህል ይይዛል። ይህ 19,200 ኪሎ ጥሬ ቡና ነው፤ ወደ እሸት ሲመለስ 115,200 ኪሎ ይሆናል። ለምሳሌ ያህል እያንዳንዱ አባል 600 ኪሎ እሸት አስረከበ ቢባል ከአንድ ኮንቴይነር በስተጀርባ 192 ቤተሰቦች አሉ ማለት ነው። የ192ቱ ቤተሰብ ድካም በአንድ ሣጥን ተጭኖ ጂቡቲ ይወርዳል።

አሁን ከእነዚህ መካከል ጥቂቶቹ ክብደት ለመጨመር ሲሉ አረንጓዴውን ፍሬ ከቀዩ ጋር ቀላቀሉ እንበል። ወይም የለቀሙትን በጆንያ አስረው አሳደሩና በማግሥቱ አመጡ። በጆንያ ያደረ እሸት ይሞቃል፣ ከጊዜው በፊት ይብላላል፤ ፍሬውም መጥፎ ሽታ ይይዛል። ይህ ፍሬ ታጥቦና ደርቆ ከሌላው ጋር ሲቀላቀል በዓይን ላይለይ ይችላል። የቡና ቀማሹ ግን አያልፈውም። ከአንድ ናሙና አምስት ሲኒ ይቀዳል፤ አምስቱም አንድ ዓይነት ጣዕም ሊኖራቸው ይገባል። በአንዱ ሲኒ ውስጥ የገባች አንዲት የተበላሸች ፍሬ ያንን ሲኒ ታበላሻለች፤ ገዢውም "ይህ ቡና አይታመንም" ብሎ ይመዘግባል። የቀነሰው የአጥፊው ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ የ192ቱም ነው።

በዚህ ምክንያት ቀዩን ብቻ መልቀም፣ በዕለቱ ማድረስ፣ በውሃ ላይ የሚንሳፈፈውን ለይቶ ማውጣት፣ በአልጋ ላይ ስስ አድርጎ ማስጣት፣ በእኩለ ቀን ፀሐይና በሌሊት ጤዛ ጊዜ መሸፈን፣ እርጥበቱ ወደ 11 በመቶ አካባቢ እስኪወርድ መታገሥ የግብርና ሥራ ብቻ ተደርጎ ሊታይ አይገባም። የገበያ ሥራ ናቸው። በማድረቂያ አልጋው አጠገብ ቆማ የተበላሸችውን ፍሬ እየለቀመች የምታወጣው እናት ከዩኒየኑ የገበያ ክፍል ሠራተኛ ያላነሰ ገበያውን ታገለግላለች። ይህ ሥራዋ በክፍያም ሊታወቅላት ይገባል።

እ.ኤ.አ. በ2020 ለመጀመሪያ ጊዜ በኢትዮጵያ በተካሄደው የከፍተኛ ጥራት ቡና ዓለም አቀፍ ውድድር ከሲዳማ የቀረበው የአንደኝነት ቡና በጨረታ በፓውንድ ከ185 ዶላር በላይ ተሽጧል። ሁሉም ቡና በዚህ ዋጋ ይሸጣል ማለት አይደለም፤ ለውድድር የሚቀርበው መጠን ጥቂት ነው። ነገር ግን በኒውዮርክ የሚወጣው ዋጋ እንደ ጣሪያ የማይታለፍ አለመሆኑን ያሳያል። ጣሪያውን ያለፈው ማሽን ሳይሆን የለቃሚና የአድራቂ እጅ ነው።

ስም ሀብት ነው

ሁለተኛው ጉዳይ ስም ነው። አበው "ስም ከመቃብር በላይ ይውላል" ይላሉ። በንግድም ስም ከፍሬው በላይ ይውላል፤ የዘንድሮው ቡና ተጠጥቶ ያልቃል፣ ስሙ ግን ለከርሞ ገዢ ይጠራል።

የኢትዮጵያ መንግሥት ይህንን በመገንዘብ በአእምሯዊ ንብረት ጽሕፈት ቤት አማካይነት እ.ኤ.አ. በ2005 ይርጋጨፌ፣ ሐረርና ሲዳሞ የሚሉት ስሞች በአሜሪካ የንግድ ምልክት ሆነው እንዲመዘገቡ ማመልከቻ አቀረበ። የይርጋጨፌ ስም ቀድሞ ተቀባይነት ሲያገኝ በሌሎቹ ላይ ከአሜሪካ የቡና ነጋዴዎች ማኅበር ተቃውሞ መጣ። ክርክሩ ቀላል አልነበረም፤ "እነዚህ የቦታና የቡና ዓይነት መጠሪያዎች ናቸው፤ የማንም ንብረት አይሆኑም" የሚል ነበር። የኢትዮጵያ መልስ ደግሞ ስሙን ለዚህ ዋጋ ያበቃው የአርሶ አደሩ ሥራ ነው፣ ስለዚህ ከስሙ የሚገኘው ጥቅም ለአርሶ አደሩ ሊደርስ ይገባል የሚል ነበር። በመጨረሻ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2007 የአሜሪካው የቡና ኩባንያ ስታርባክስ ከኢትዮጵያ ጋር ስምምነት ፈርሞ የስሞቹን ባለቤትነት አክብሮ በፈቃድ ለመጠቀም ተስማማ።

ከዚህ ታሪክ ትምህርቱ ግልጽ ነው። ስም በወረቀት ላይ ይመዘገባል፤ የሚጠበቀው ግን በኬሻ ውስጥ ነው። ለዚህም ሌላ ምሳሌ አለ። ጃፓን ከኢትዮጵያ ቡና ትልልቅ ገዢዎች አንዷ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ2008 ከኢትዮጵያ በገባ ቡና ላይ ከተፈቀደው መጠን በላይ የፀረ ተባይ ኬሚካል ቅሪት አገኘች። በዋነኛነት የተጠረጠረው ቡናው የተጫነበት ኬሻ ነበር፤ በማሳው ላይ ኬሚካል ረጭቶ የማያውቀው አርሶ አደር በኬሻ ምክንያት ተጠያቂ ሆነ። ሽያጩ በእጅጉ ቀነሰ፤ የተጎዱትም ጥፋተኞቹ ብቻ አልነበሩም። ለዘመናት የተገነባ ስም በአንድ ኬሻ ሊደፈርስ እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም። ስለዚህ ማዳበሪያ ወይም የተባይ መድኃኒት የነካው ኬሻ፣ መጋዘንም ሆነ የጭነት መኪና ለቡና ሊውል አይገባም።

ገዢው የሚጠይቀው ማስረጃ

ማስተዋወቅ ሲባል የግድ ብዙ ወጪ የሚጠይቅ ማስታወቂያ ማለት አይደለም። ለዩኒየን የሚሻለው ማስታወቂያ በንጽሕና የተዘጋጀ ጥቂት መቶ ግራም ናሙና፣ የማጠቢያ ጣቢያው ስም፣ የታጠበበት ቀንና እውነተኛ የቅምሻ ውጤት ነው። ናሙናው ከሚጫነው ቡና የተሻለ ሆኖ ከተላከ ግን ማታለል ነው፤ ገዢውም አንዴ ይታለላል እንጂ ሁለተኛ አይመለስም። የራሱን ቡና ራሱ የሚቀምስ ዩኒየን ምን እንደሚሸጥ አውቆ ይደራደራል፤ የማይቀምስ ግን የገዢውን ቃል ተቀብሎ ይሸጣል።

ከዚህም ባሻገር አዲስ ጥያቄ መጥቷል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጣው ሕግ ከታኅሣሥ 31 ቀን 2020 በኋላ ደን ተመንጥሮ በተገኘ መሬት ላይ የበቀለ ቡና ወደ ኅብረቱ ገበያ እንዳይገባ ይከለክላል። የትግበራው ጊዜ ከአንድ ጊዜ በላይ ቢራዘምም፣ ሕጉ እያንዳንዱ ማሳ የት እንደሚገኝ በካርታ ላይ እንዲታወቅ ይጠይቃል። ከ4 ሄክታር ላልበለጠ ማሳ አንድ የመገኛ ነጥብ ይበቃል። አብዛኛው አባል በዚህ ውስጥ ስለሚገባ ሥራው የማይቻል አይደለም፤ ነገር ግን በሺዎች የሚቆጠሩ ማሳዎችን መዞር፣ መመዝገብና መዝገቡን በየጊዜው ማደስ ይጠይቃል። በዛፍ ጥላ ሥር ቡና ሲያለማ ለኖረ አርሶ አደር ይህ ሕግ መሰናክል ብቻ ሳይሆን መልካም ስሙን በማስረጃ የሚያሳይበት አጋጣሚም ነው። መዝገቡ ካልተሟላ ግን ደኑን የጠበቀው ከመነጠረው ጋር አብሮ ከበር ይመለሳል።

የአገር ውስጡም ገበያ ሊረሳ አይገባም። ከኢትዮጵያ ቡና ግማሽ ያህሉ የሚጠጣው በአገር ውስጥ ነው። ለውጭ ደረጃ ያልበቃውን ነገር ግን ንጹሕ የሆነውን ቡና ቆልቶና ፈጭቶ፣ የተቆላበትን ቀን ጽፎ በከተማ ላሉ ሆቴሎችና መሥሪያ ቤቶች ማቅረብ በአነስተኛ ካፒታል ሊጀመር ይችላል። ቡና ሲቆላ ከክብደቱ ከ15 እስከ 20 በመቶ ያህል ስለሚቀንስ ይህ ከዋጋው ስሌት ውስጥ መግባት አለበት፤ አለበለዚያ የተሸጠ እየመሰለ ኪሳራ ይሆናል።

የመጀመሪያው ደንበኛ አባሉ ነው

እስካሁን የተነገረው ሁሉ በአንድ ነገር ላይ ይቆማል፤ ቡናው ወደ ማኅበሩ መምጣቱ ላይ። በሐቅ መነጋገር ካስፈለገ የብዙ ማኅበራት ሕመም እዚህ ላይ ነው።

ክረምት ሲገባ ጎተራ ይጎድላል፤ የልጆች ትምህርት ቤት ወጪም ይከተላል። ነጋዴው በዚያ ሰዓት ገንዘብ ይዞ ይመጣና ቡናውን ገና በዛፍ ላይ እያለ በርካሽ ይዋዋላል። በመኸርም ሚዛኑን ይዞ ከማሳው ዳር ይቆማል፣ በኪሎ ጥቂት ብር ይጨምራል፣ በእጅ በእጅ ይከፍላል። ማኅበሩ ግን የባንክ ብድሩ ስለዘገየበት "ነገ ኑ" ይላል። አባሉ ለነጋዴው ሲሸጥ ከዳተኛ ይባላል። ሆኖም ነገ ኑ የተባለ ሰው የታመመ ልጅ በቤቱ እንዳለ መታሰብ ይኖርበታል።

በሌላ በኩል የአባሉ ውሳኔ የሚያስከትለው ጉዳት ቀላል አይደለም። ከ192ቱ አባላት 40ዎቹ ቡናቸውን ውጭ ሸጡ ቢባል 24,000 ኪሎ እሸት ይጎድላል፤ ይህም 4,000 ኪሎ ጥሬ ቡና ወይም ወደ 67 ኬሻ ነው። ዩኒየኑ የተፈራረመውን ኮንቴይነር መሙላት ያቅተዋል። ጉድለቱን በውድ ገዝቶ ከሞላ ትርፉ ይጠፋል፣ መነሻው ያልታወቀ ቡናም ይቀላቀላል። ካልሞላ ደግሞ ውል አፍራሽ ይባላል። ሁለተኛው ክፍያ የሚመጣው ከዚያው ትርፍ ስለሆነ በመጨረሻ የሚጎዳው ቡናውን በታማኝነት ያስረከበው አባል ነው። እርሱም በሚቀጥለው ዓመት ወደ ነጋዴው ያያል። ማኅበር የሚፈርሰው እንዲህ ነው፤ በአንድ ቀን ሳይሆን በተከታታይ መኸሮች።

መፍትሔው በተግሣጽ ብቻ አይገኝም። በመጀመሪያ የመግዣ ገንዘቡ ከመኸሩ በፊት መዘጋጀት አለበት፤ ለዚህም ከትርፍ የሚቀመጠው መጠባበቂያ እየዳበረ መሄድና በየማኅበሩ የገንዘብ ቁጠባና ብድር አገልግሎት መኖሩ የክረምቱን ችግር ያቃልላል። ሁለተኛ፣ ዩኒየኑ እሸቱ ሳይሰበሰብ በቁርጥ ዋጋ ብዙ ቡና ከመሸጥ ሊጠነቀቅ ይገባዋል። ውሉ ከኒውዮርክ ዋጋ ጋር አብሮ እንዲሄድና ለጥራት የሚታሰበው ጭማሪ በላዩ እንዲቀመጥ መደራደር፣ የደጃፍ ዋጋ በድንገት ሲንር ከሚደርስ ኪሳራ ያድናል። የፍትሐዊ ንግድ ውልም ስፍራውን አውቆ መጠቀም ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2023 ለታጠበ አረቢካ የተቀመጠው ዝቅተኛ ዋጋ በፓውንድ 1 ዶላር ከ80 ሳንቲም ነበር፤ ለማኅበረሰብ ልማት የሚውል 20 ሳንቲምም ይጨመርበት ነበር። ይህ ገበያው ሲወድቅ የሚይዝ ወለል ነው፤ ገበያው ሲንር ግን አባሉን በማኅበሩ ለማቆየት ብቻውን አይበቃም።

ሦስተኛና ዋነኛው ግልጽነት ነው። የተሸጠበት ዋጋ፣ የትራንስፖርቱ፣ የማበጠሪያው፣ የወለዱና የቢሮው ወጪ በአንድ ገጽ ተጽፎ በማኅበሩ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። ማንበብ ለማይችለው በጉባኤ ይነበብ። ሚዛኑ በአባላት ፊት ይፈተሽ፤ ለእያንዳንዱ ርክክብ ደረሰኝ ይሰጥ። ሁለተኛው ክፍያ የሚከፈልበት ቀን አስቀድሞ ይነገር፤ ከዘገየም ለምን እንደዘገየ ሳይጠየቅ ይነገር። አባሉ ዩኒየኑን እንደ ራሱ ቤት የሚያየው ሒሳቡን ሲያውቅ ነው። የውጭ ገዢው የቡናውን መነሻ የማወቅ መብት ካለው አርሶ አደሩም የገንዘቡን መነሻና መድረሻ የማወቅ መብት አለው።

የየድርሻው ኃላፊነት

ለማጠቃለል፣ የአባሉ ድርሻ ቀዩን ለቅሞ በዕለቱ ማድረስ፣ በጉባኤ ተገኝቶ መጠየቅና ቃሉን መጠበቅ ነው። የሥራ አመራር ኮሚቴው ድርሻ በወቅቱ መክፈልና ሒሳቡን መግለጥ ሲሆን፣ የቁጥጥር ኮሚቴውም ሳያፍር ሳይፈራ መመርመር ይኖርበታል። የአስተዳደር አካላት ድርሻ ደግሞ ለማጠቢያ ጣቢያው መንገድና ውሃ ማድረስ፣ የብድር ጥያቄን ከመኸር በፊት ማስፈጸም፣ በሚዛን የሚያታልለውን መቆጣጠርና የማሳ ምዝገባውን ማገዝ ነው። ማኅበሩ የአባላቱ ንብረት በመሆኑ በውስጥ አስተዳደሩ እጅ አለማስገባትም የድጋፍ አንዱ መልክ ነው።

የኒውዮርክን ዋጋ ከዚህ አዳራሽ ሆኖ መለወጥ አይቻልም። ነገ ጠዋት በማኅበሩ ሚዛን ላይ የሚወጣውን እሸት ቀይ ማድረግ ግን ይቻላል። የተመዘነበትን ደረሰኝ በእጁ ይዞ፣ ሁለተኛው ክፍያ የሚመጣበትን ቀን አውቆ ወደ ቤቱ የሚመለስ አባልም ማፍራት ይቻላል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የተባለው ድሩ ሳይበጠስ ሲቀር ነው።

ለዩኒየኑና ለአባላቱ የሠመረ የመኸር ዘመን ይሁን።

መልካም በዓል!